የውሻ መልክና የውሻ ጠባይ፦ የአደገኛ ውሾች ሕግ የሚለካው የትኛውን ነው?

ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ሁለት ወንድ ውሾች አሉ እንበል። ሁለቱም ደረተ ሰፊ፣ ራሰ ትልቅና ጡንቻቸው የፈረጠመ ነው። ካደጉ በኋላ ከመሬት እስከ ትከሻቸው ጫፍ ሲለኩ አንደኛው 50፣ ሁለተኛው 52 ሴንቲ ሜትር ሆኑ። በእንግሊዝና በዌልስ «ኤክስ ኤል ቡሊ» በተባሉት ውሾች ላይ የተጣለው እገዳ ወንዱን ውሻ የሚመለከተው ከ51 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ከዚህ እገዳ ውጭ ነው። የሁለተኛው ባለቤት ግን ልዩ የምስክር ወረቀት ካልያዘ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ አሠራር መነሻ በ1991 የወጣው የብሪታንያ የአደገኛ ውሾች ሕግ ነው። በዚያ ዓመት ውሾች በሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት አድርሰው፣ ከተጎዱትም አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበረች ሕዝቡ ክፉኛ ተቆጣ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኬኔት ቤከር ሕጉን በጥድፊያ ለፓርላማ አቀረቡ። ፒት ቡል ቴሪየር፣ የጃፓን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌይሮ የተባሉት ውሾችም በዚያው ዓመት ታገዱ።

የሕጉ አጻጻፍ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ሕጉ የሚናገረው ስለ «ዝርያ» ሳይሆን ስለ «ዓይነት» ነው። ፍርድ ቤትም በ1993 «ዓይነት» የሚለው ቃል ከ«ዝርያ» የሰፋ ትርጉም እንዳለው ወስኗል። ስለዚህ የውሻው ወላጆች ማንም ይሁኑ ማን፣ ሰውነቱ በበቂ መጠን ፒት ቡልን ከመሰለ የታገደ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ነው። ዐቃቤ ሕግ ውሻው ከታገዱት አንዱ ነው ካለ፣ አይደለም ብሎ የማስረዳት ግዴታ ያለበት ተከሳሹ ነው። በወንጀል ሕግ ይህ ያልተለመደ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሥነ ሕይወት የሚለው አለው። የውሻን መልክ የሚወስኑት ዘረመሎች በአመዛኙ ጥቂትና ኃይለኛ ናቸው። በ2007 የወጣ ጥናት በትናንሽና በትላልቅ ውሾች መካከል ላለው የቁመት ልዩነት አይ.ጂ.ኤፍ.-1 የተባለው አንድ ዘረመል ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። በ2009 ደግሞ የአብዛኞቹን የውሻ ዝርያዎች የጸጉር ዓይነት የሦስት ዘረመሎች ልዩነት ብቻ እንደሚያስረዳው ታወቀ። ጠባይ ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዳቸው እጅግ አነስተኛ ተጽዕኖ ያላቸው ብዙ ዘረመሎች ከአስተዳደግ፣ ከሥልጠናና ከኑሮ ሁኔታ ጋር ተደባልቀው የሚፈጥሩት ነው። ስለዚህ የአንድን ውሻ መንጋጋ ያሰፋው ዘረመል ስለ ቁጣው የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት ከ18,000 በላይ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቆ፣ የ2,155 ውሾችንም ዲ.ኤን.ኤ. አንብቦ፣ በግለሰብ ውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አገኘ። የሚያስፈራ ወይም የሚያስጨንቅ ነገር ሲገጥመው ውሻው ምን ያህል ፈጥኖ ይቆጣል በሚለው ላይ ደግሞ የዝርያ ሚና ከሁሉ አነስተኛ ነበር። ጠባይ ጨርሶ አይወረስም ማለት ግን አይደለም፤ በዚያው ጥናት ውስጥም የሚወረሱ ጠባዮች አሉ። የዝርያ ስም ብቻውን ስለ አንዱ ውሻ ብዙ አይናገርም ማለት ነው።

ስሙንም በዐይን አይቶ መስጠት ከባድ ነው። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራና በ2015 የታተመ ጥናት በአራት የእንስሳት መጠለያዎች የሚሠሩ 16 ባለሙያዎች 120 ውሾችን ተመልክተው ዝርያቸውን እንዲናገሩ አደረገ። የፒት ቡል ዝርያ በዲ.ኤን.ኤ. የተገኘባቸውን ውሾች ባለሙያዎቹ ለይተው ያወቁት፣ እንደ ተመልካቹ ማንነት፣ ከ33 እስከ 75 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ብቻ ነበር። ምንም የፒት ቡል ደም የሌላቸውን ውሾች ፒት ቡል ያሉ ደግሞ ነበሩ፤ አንዱ ተመልካች እስከ 48 በመቶ ድረስ ተሳስቷል። ዕለት ተዕለት ውሻ የሚያዩ ሰዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ በጎዳና የሚያልፍ ሰው ጥቆማ ምን ያህል ሊታመን ይችላል?

ሆኖም የሕጉን ደጋፊዎች አላዋቂ ብሎ ማለፍ አግባብ አይደለም። ትልቅ ውሻ ሲነክስ የሚያደርሰው ጉዳት ከትንሽ ውሻ ንክሻ ይከፋል፤ ይህ የጠባይ ሳይሆን የክብደትና የመንጋጋ ጉዳይ ነው። የ51 ሴንቲ ሜትሩ ድንበርም ከዚህ አንጻር ጨርሶ ትርጉም የለሽ ነው አልልም። ግን ቁመት አደጋን የሚያመለክት ከሆነ፣ ትልልቅ ጠባቂ ውሾች ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን ነበረባቸው።

አሁን ወደ ባለቤቱ እንምጣ። እገዳው ሲጀመር ምስክር ወረቀቱን የፈለገ ሰው 92 ፓውንድ ከ40 ሳንቲም መክፈል፣ ውሻውን ማኮላሸት፣ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ማስገባትና ለሦስተኛ ወገን መድን መግባት ነበረበት፤ ከቤት ሲወጣም አፉን ሸብቦ በገመድ ይይዘዋል። ውሻውን ሊሸጠው ወይም ለሌላ ሊሰጠው አይችልም። ይህን ሁሉ የሚፈጽመው ማን ነው? ስሙን አስመዝግቦ ለመታየት ፈቃደኛ የሆነው ነው። ውሻውን ለድብድብ የሚያሳድገው ሰው ወረፋ ይዞ አይመዘገብም።

በሰሜን አየርላንድ «ሌኖክስ» የተባለው ውሻ ታሪክ የታወቀ ነው። በ2010 ማንንም ሳይነክስ በመልኩ ምክንያት ከባለቤቶቹ ቤት ተወሰደ። ባለቤቶቹ ሁለት ዓመት ያህል ተከራክረው፣ ስለ ጠባዩም ባለሙያዎች ተለያይተው መስክረው፣ ውሻው በጁላይ 2012 ተገደለ።

ሌላ መንገድ ያልተሞከረ አይደለም። ኔዘርላንድስ በ1993 ያወጣችውን የፒት ቡል እገዳ በ2008 ለመሻር ወሰነች። በካናዳ የካልጋሪ ከተማ ዝርያን ሳታግድ በፈቃድና በባለቤቱ ላይ በሚጣል ቅጣት ላይ የተመሠረተ ደንብ ይዛ ቆይታለች። የብሪታንያው ሕግ ራሱ ማንኛውም ውሻ ከቁጥጥር ወጥቶ አደገኛ ሲሆን ባለቤቱን የሚቀጣ አንቀጽ አለው። የእኛም የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 ተጠያቂ የሚያደርገው የእንስሳውን ባለቤት ነው፤ እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥ እንኳ። መልኩን አይጠይቅም።

በ2024 መግቢያ በእንግሊዝ ቡችላ የነበራቸው ሰዎች የገጠማቸው ችግር ደግሞ የተለየ ነበር። መለኪያው የተዘጋጀው ላደጉ ውሾች ነው። መንግሥትም ቡችላው ሲያድግ ኤክስ ኤል ቡሊ ሊሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረ ሁሉ ከወዲሁ እንዲያስመዘግብ መከረ። ስለዚህ ጠንቃቃው ባለቤት ገና ጥርሱን ያልቀየረ ቡችላ ጭኑ ላይ አስቀምጦ የወደፊት ቁመቱን መገመት ነበረበት፤ የምዝገባው ቀነ ገደብ ደግሞ ጃንዩዋሪ 31 ቀን እኩለ ቀን ላይ ያበቃ ነበር።