ምዕራፍ 7፦ «ያልታወቀ» እና «ያልታወቀለት»

በእስራኤል፣ በናታኒያ ከተማ ሄፍጺባ ሰፈር፣ የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደብተሯን ይዛ መጣች። የ12 ዓመት ልጅ ናት። በዚህ አገር የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሠሩትን «ሾራሺም» የሚባለውን የቤተሰብ ታሪክ እየሠራች ነበር። በዕብራይስጥ ጽፋ ጨርሳለች፤ አያቷ ፊት የምታነበው ግን በአማርኛ እንዲሆንላት ትፈልጋለች።

«ጋሼ፣ ‹ሻኩፍ› በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ።

ቃሉ ሲፈታ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ማለት ነው። በእስራኤል ግን በሌሊት ተነስቶ ቢሮ የሚያጸዳውን፣ ሰው በአጠገቡ እያለፈ ሰላም የማይለውን ሁሉ «ሽኩፊም» ይሉታል። አያቷ ለብዙ ዓመታት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እኔም ሳላስብ «‹የማይታይ› ብለሽ ጻፊው» አልኳት። ከሄደች በኋላ ግን ቆጨኝ። አያቷ ይታያሉ እኮ! በረንዳቸው ላይ ወስፌያቸውን ይዘው ሌማት ሲሰፉ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ያጡት ተመልካች ነው። በማግስቱ ጠርቻት ይህን ምዕራፍ የወለደውን ነገር አስረዳኋት።

አማርኛ ውለታ የሚመዘግብባቸው ሁለት ፊደሎች አሉት፦ «ለት»። «ተመሰከረለት» እና «ተመሰከረበት» የሚሉትን አስተያይ፤ አንዱ ሰውየውን ነፃ ያወጣል፣ ሌላው ያሳስረዋል። «ያልታወቀ ሰው» ስንል ማንነቱን የሚያውቅ የለም ማለታችን ነው። «ያልታወቀለት ሰው» ስንል ግን ሰውየውን እናውቀዋለን፤ የደከመበት ነገር ነው ዋጋ ያላገኘው። ያልተነገረለት፣ ያልተዘመረለት፣ ውለታው ያልተቆጠረለት፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ጉድለቱን ከሰውየው ላይ አንስተው ማመስገን በነበረብን በእኛ ላይ ይጥሉታል። ለሴት ሲሆን «ያልታወቀላት»፣ ለአንጋፋ ሲሆን «ያልታወቀላቸው» እንላለን።

ግን አንድ ቃል ለሁሉም አይሆንም። ሰውየው ለምን እንዳልታወቀ ሳትጠይቅ ቃል አትምረጥ።

ፈረደ አክሉምን አስብ። መምህር ነበሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ አምልጠው ሱዳን ገቡ፤ ከእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ከሞሳድ ጋር ተገናኝተው ለብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል መንገድ ከፈቱ። ስማቸው ያኔ ያልተነገረው ሰው ስለረሳቸው አልነበረም፤ ቢነገር ሕይወት ይጠፋ ነበር። የዚያን ጊዜው ፈረደ «ስውር» ናቸው፤ ሥራው ራሱ ደብቋቸዋል። ያረፉት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሆሊውድ ያንን በሱዳን በኩል ሰው የማውጣት ዘመቻ ፊልም ሲያደርገው፣ የእሳቸውን ታሪክ የተሸከመው ገጸ ባሕርይ ከበደ ተባለ። ምሥጢሩ ከተገለጠ በኋላም ስማቸው ካልተጠራ፣ «ስውር» ማለት አይበቃም፤ እዚህ ላይ «ያልተነገረላቸው» ማለት ይገባል።

በዚያው መንገድ ላይ፣ በሱዳን በረሃና በስደተኛ ጣቢያዎች፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል። በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ስለ እነሱ ሲጻፍ «ያልታወቁ ሟቾች» የሚል ካየህ አርመው። እናታቸው ታውቃቸዋለች፤ ባላቸው፣ ሚስታቸው ያውቋቸዋል። «መቃብራቸው ያልታወቀ» በል። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ቦታው እዚያ፣ መቃብሩ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ «የተረሳ» እና «የተናቀ» የሚሉትን እንለይ። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ግንበኛ ነበሩ። የወለቃ ሴቶች የሠሩት ጀበና በየቤቱ ቡና አፍልቷል፤ በእነሱ ማረሻ ተታርሷል። ማንም አልረሳቸውም። እያወቃቸው ናቃቸው እንጂ። «ባለእጅ» የሚለውን ቃል ተመልከት፤ እጅ ያለው፣ ጥበበኛ ማለት ነበር፤ ከአፍ ሲወጣ ግን ስድብ ሆነ፤ «ቡዳ» የሚለው ተከተለው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ለእነዚህ ሰዎች «የተረሱ» ማለት ለበዳዩ ማስተባበል ይመስለኛል። መርሳት ጥፋት ቢሆንም ያለማወቅ አለበት፤ ንቀት ግን ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚፈጸም ነው። «የተናቁ» በል፣ አትፍራ።

«ያልተዘመረለት ጀግና» የሚለውን ደግሞ ቆጥበህ ተጠቀምበት። ሽልማት ለተደረደረለት ሰው ሁሉ ስንሰጠው ጉልበቱ ያልቃል፤ በእርግጥ ለሚገባቸው ስንፈልገው ተሟጦ እናገኘዋለን።

ታዲያ ሻኩፍስ? ከአማርኛ የሚቀርበው «ከቁብ ያልተቆጠረ» ነው። እዚህም ቆጣሪ አለ፤ ሳይቆጥር ያለፈ ሰው አለ። ልጅቷ ደስ አላት፤ ስለ ጽዳቱ ሥራ ስትጽፍ «ከቁብ ያልቆጠሯት» አለች፤ አያቷ በሱዳን ስለመጡበት መንገድ ስትጽፍ «ያልተነገረላት» አለች። «ሁለቱ አንድ አይደሉም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደሉም።

አንድ ቀን ወረቀቱን በረንዳ ላይ ለአያቷ ስታነብ አብሬያቸው ነበርኩ። አሮጊቷ ወስፌውን ሌማቱ ላይ እንደሰኩ አዳመጡ። «ያልተነገረላት» የሚለው ላይ ስትደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ለኔማ ይኸው ተነገረልኝ፣ የኔ ልጅ። እኔ ስታመም እናትሽን አዝላ ሱዳን ያደረሰችውን ሴት ጻፊያት።»

«ስሟ ማነው?»

አሮጊቷ ዝም አሉ። ከዚያ የሴትየዋን የበኩር ልጅ ስም ጠሩና «የእሱ እናት ነበር የምንላት» አሉ። ልጅቷ እርሳሷን አንስታ፣ ከ«ያልተነገረላት» ጎን ክፍት ቦታ ትታ፣ ከሥሩ እንደ ሰማችው ጻፈች፦ የእሱ እናት።