ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሌላውን ሰው ድርጊት እንዴት ይጠብቃሉ?

አንዲት እናት ወደተኛው ሕፃኗ ጎንበስ ብላ እጆቿን ስትዘረጋ፣ ሕፃኑ ገና ሳትነካው ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ለመታቀፍ ይዘጋጃል። ይህን ማንም አላስተማረውም። የእናቱ እጅ ወዴት እንደሚያመራ ቀድሞ ያውቃል፤ የሚመጣውንም በመላ ሰውነቱ ይቀበላል። አብዛኞቻችን ይህን ዝግጅት ልብ የምንለው ሲጎድል ብቻ ነው።

በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሊዮ ካነር ስለዚህ ጉድለት ከእናቶች አንደበት ሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ እናቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ልጃቸውን ሊያነሱት ሲሉ ለመታቀፍ አለመዘጋጀቱ አስገርሟቸው ነበር። ካነር እነዚሁ ልጆች በዙሪያቸው ያለው ነገር ሁሉ ሳይለወጥ እንዲቀጥል አጥብቀው እንደሚሹም ጽፈዋል። በዚህ ጽሑፋችን ሁለቱን ነጥቦች አያይዘን እንመለከታለን። ሰዎች ቀጥሎ የሚያደርጉትን መገመት የሚያስቸግረው ልጅ የማይለወጠውን ነገር ቢወድ አያስደንቅምና።

ቀድሞ መገመት ሲባል ምን ማለት ነው?

እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ከቤቱ ልጆች አንዱ ጆግና ማስታጠቢያ ይዞ ሲገባ፣ እንግዳው ምንም ሳይባል እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ይዘረጋል። ልጁ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ከያዘው ዕቃና ከሰዓቱ ተረድቷል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስንገምት እንውላለን። ግምታችን ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። አንደኛው «ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ለምን ያደርገዋል? ቀጥሎስ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በአመዛኙ የሚያስቸግራቸው ሁለተኛው ነው።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ1985 ሳይመን ባሮን-ኮኸን፣ አለን ሌስሊና ኡታ ፍሪት በለንደን አንድ ፈተና አዘጋጁ። ሳሊ የተባለች አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ ከትታ ትወጣለች። እሷ በሌለችበት ሰዓት አን የተባለችው አሻንጉሊት ብዩን ወደ ሣጥን ታዛውረዋለች። ከዚያም ልጆቹ «ሳሊ ስትመለስ ብይዋን የት ትፈልጋለች?» ተብለው ተጠየቁ። ትክክለኛው መልስ ቅርጫቱ ነው፤ ሳሊ ብዩ መዛወሩን አላየችምና። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች 86 በመቶዎቹ በትክክል መለሱ። ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች ግን 16ቱ ብዩ ያለበትን ሣጥን አመለከቱ። ሳሊ የምታውቀውን ትተው እነሱ የሚያውቁትን ተከተሉ ማለት ነው። አራቱ በትክክል መመለሳቸውን ግን አንርሳ። ሁሉንም ልጅ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ስለ እጅ አያያዝ ነበር። አንድን ዕቃ ልንጠቀምበት ስናነሳውና ቦታ ልናስይዘው ስናነሳው አያያዛችን ይለያያል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሥዕሉ ላይ ያለው እጅ ምን እያደረገ እንደሆነ አውቀዋል። ለምን እንደሚያደርገው ከእጁ አያያዝ ብቻ እንዲናገሩ ሲጠየቁ ግን ብዙ ጊዜ ተሳሳቱ። በሥዕሉ ላይ ዓላማውን የሚጠቁም ሌላ ነገር ሲጨመርላቸው ግን እንደ ሌሎች ልጆች በትክክል መለሱ። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናትም ይህንኑ መንገድ ያመለክታል። አንድ ሰው ዕቃዎችን እያነሳ ወደ ማስቀመጫ ሲከት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ትንንሽ ልጆች ዓይናቸውን ከእጁ ቀድመው ወደ ማስቀመጫው ይልኩ ነበር።

ከእነዚህ ጥናቶች የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። የድርጊቱ መድረሻ ግልጽ ሆኖ ሲታይ ልጁ ሊገምት ይችላል። መድረሻው በሌላው ሰው ልብ ውስጥ ሲደበቅ ግን ይቸገራል።

አመል ነው ወይስ ድንጋጤ?

አጎት ልጁን ሊዳብሰው ከኋላው እጁን ይሰዳል። ልጁ ይጮኻል፤ እጁንም ገፍቶ ይሮጣል። ቤተሰቡ «ስድ ሆነ» ይላል፤ አንዳንዴም ቅጣት ይከተላል። ለልጁ ግን ያ እጅ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የመጣ ነው። ፓዋን ሲንሃና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረቡት መላ ምት፣ ብዙዎቹ የኦቲዝም ገጽታዎች ቀጣዩን ነገር ለመተንበይ ከመቸገር ሊመነጩ ይችላሉ። ይህ ገና በጥናት ላይ ያለ ሐሳብ ቢሆንም፣ ከመቅጣታችን በፊት ቆም ብለን እንድናስብ ያደርገናል።

ጉዳዩ የቲም ልጆችን ለተረከቡ ቤተሰቦች ይበልጥ ይከብዳል። ልጁ የእናቱን አካሄድ በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ አጥንቶ ሊሆን ይችላል። ሻርፗን ስታነሳ ልትወጣ እንደሆነ፣ ምድጃው ዘንድ ስትቀመጥ እራት እንደቀረበ ያውቅ ነበር። እናቱን ሲያጣ ይህም እውቀት አብሮ ይጠፋል። በአዲሱ ቤት የሁሉም ሰው እጅና እግር ለእሱ እንግዳ ነው። ስለሆነም «ከመጣ ጀምሮ ባሰበት» የምንለው ልጅ ሐዘኑን በዚህ መልክ እየገለጸ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የልጁ ብቻ እንዳልሆነም እንገንዘብ። እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስገነዘበው፣ አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው። እኛም የልጁን ቀጣይ ድርጊት መገመት ይሳነናል።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1ኛ. ከመንካታችን በፊት ከፊት ለፊቱ ሆነን እጃችንን እናሳየው፤ የምናደርገውንም በአጭር ቃል እንንገረው፦ «ሸሚዝህን ላወልቅ ነው።»

2ኛ. ምክንያቱን በዕቃ እናሳይ። ልንወጣ ስንል ጫማውን፣ ልናጥበው ስንል ፎጣውን አስቀድመን እናስይዘው።

3ኛ. የቀኑን ሥራ በሥዕል በቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። በኤሪክ ሾፕለር መሪነት በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ቲች የተባለው መርሐ ግብር በእንዲህ ዓይነቱ ዘዴ ይታወቃል። ለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

4ኛ. ለውጥ ሲኖር አስቀድመን እናሳውቀው። እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ማን እንደሚመጣና የት እንደሚቀመጥ ይነገረው።

5ኛ. ልጁን አዲስ የተረከብን ከሆነ፣ ቀድሞ አብረውት የኖሩትን እንጠይቅ። እናቱ እንዴት ትቀሰቅሰው ነበር? ምግቡንስ በምን ታቀርብለት ነበር? የምንችለውን ያህል በዚያው እንቀጥል።

6ኛ. ሲጮህ «ምን ነካው?» ከማለት ይልቅ «አሁን ሳይጠብቀው የሆነው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን በማየት ብቻ ልጁ ኦቲዝም አለበት ማለት አይቻልም። ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ጥንቃቄዎች ግን ማንንም ልጅ አይጎዱም።

ልጅ አማና ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ አማናውን የምንጠብቅበት አንዱ መንገድ እጃችን ከመድረሱ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ማሳየት ነው።