ጎደሎውን ለክቶ የሮቶን ውሃ ማወቅ

በእኛ አካባቢ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሮቶን በእጅ መታ መታ አድርጎ፣ ድምፁ የሚቀየርበትን ቦታ መገመት ቀላሉ ዘዴ ነው። ለዕለት ጣጣ ይበቃል። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ስንት ጀሪካን ውሃ እንዳለ ግን አይነግርም።

ለዚህ ዘዴውን ከነዳጅ ጫኝ መርከቦች (ኢትዮጵያም ሐዋሳና ባሕር ዳር የሚባሉ ሁለት ነበሯት) እንዋስ፤ እነሱ የሚለኩት ጎደሎውን፣ ማለትም ከጋኑ አናት እስከ ፈሳሹ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ከጋኑ አናት ላይ የተተከለው ራዳር ሞገድ ቁልቁል ይልካል፤ ሞገዱ ከፈሳሹ ፊት ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ርቀቱ ከጋኑ ሙሉ ቁመት ሲቀነስ የቀረው የጭነቱ ከፍታ ነው። የጋኑ ክዳን አይከፈትም፣ ጋዝም አይወጣም። የእኛ ሮቶ ክዳኑ ስለሚከፈት ገመድና ባዶ ሃይላንድ ይበቃናል።

መጀመሪያ የታጠበ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሩቡን ያህል ንጹሕ ጠጠር ይጨምሩበት፣ ክዳኑን ያጥብቁ፣ አንገቱ ላይ የናይለን ገመድ ይሰሩ። ባልዲ ውሃ ላይ ያንሳፍፉትና ውሃው የደረሰበትን በማርከር ያስምሩ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው፤ ልኬቱ የሚጀምረው ከዚህ መስመር እንጂ ከጠርሙሱ ሥር አይደለም። ከመስመሩ ጀምረው በየ10 ሳንቲሜትሩ ገመዱን ይቋጥሩ።

ቀጥሎ ሮቶው ሲታጠብ፣ ባዶ ሳለ፣ ከአፉ ጠርዝ እስከ ወለሉ በሜትር ይለኩ። 170 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ጠርዙ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሁልጊዜም ከዚያው ያንብቡ። ዙሪያውን ለክተው ለ3.14 ያካፍሉ፤ 377 ከሆነ ስፋቱ 120 ሳንቲሜትር ነው። እያንዳንዱ ሳንቲሜትር 11.3 ሊትር ይይዛል ማለት ነው።

አሁን ቧንቧውን ዘግተው ውሃው እስኪረጋ ይጠብቁ። ሃይላንዱን በአፉ መሃል ቀስ ብለው ያውርዱ፤ መቆሚያው ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ መሃሉ ብዙም አያሳስትም። ገመዱ ሲላላ ቆም ብለው ያንብቡ። 110 ቢሆን የቀረው 60 ሳንቲሜትር፣ 678 ሊትር ነው፤ ባለ20 ሊትሩ ጀሪካን 34 ያህል። ውሃው ከላይ ያለው የሮቶው ጉልላት ውስጥ ከገባ ግን ጉልላቱ እየጠበበ ስለሚሄድ ሒሳቡ ከእውነቱ በላይ ያሳያል።

ገመድ መጎተት የሰለቸው ሰው በድምፅ ሞገድ የሚሠራውን ርካሽ መለኪያ ሊገጥም ይችላል። እኔ ብዙም አልመክረውም። ድምፅ አየሩ 0 ዲግሪ ሲሆን በሰከንድ 331 ሜትር፣ 20 ዲግሪ ሲሆን 343 ሜትር ይጓዛል፤ የቦሩ ሜዳ ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛ፣ ቀትሩ ሞቃት ነው። የሙቀት ማስተካከያ ከሌለው በ110 ሳንቲሜትሩ ጎደሎ ላይ እስከ 4 ሳንቲሜትር ይስታል፤ ያ ወደ ሁለት ጀሪካን ነው። የመርከቡ ራዳር ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ ሙቀት ብዙም አይነካውም።

ወደ ሮቶው ሲወጡ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር፤ ክዳኑንም ወዲያው ይመልሱ።