የሐር ትልና የትንሣኤ ተስፋ
ስለ ማስታወስና ስለ ማንነት የተዘጋጀ ትምህርት



ንኡሰ ክርስቲያንን ለጥምቀት ስናዘጋጅ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «በጥምቀት አዲስ ሰው የምንሆን ከሆነ፣ እስከ ዛሬ የነበርነው እኛ ወዴት እንሄዳለን? ከአባቶቻችን የተማርነውን ሁሉ መርሳት አለብንን?» የሚል ነው። በለቅሶ ቤትም ሌላ ጥያቄ እንሰማለን፤ «በትንሣኤ ቀን ሥጋችን የሚለወጥ ከሆነ ልጄ ያውቀኝ ይሆን?» ይላሉ እናቶች። ሁለቱም ጥያቄዎች በመሠረቱ አንድ ናቸው። የሚለወጥ ፍጡር ያው ራሱ ሆኖ የሚቀረው በምንድን ነው?

ወደ መልሱ ለመቅረብ አንድ ትንሽ ፍጡር እንመልከት። በአርባ ምንጭ አካባቢ የጉሎ ቅጠል እየመገቡ የሐር ትል ያረቡ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ ትሉ ሌት ተቀን ሲበላ ሰንብቶ፣ አራት ጊዜ ቆዳውን ገፍፎ፣ በመጨረሻ መብላቱን ይተውና ከአፉ በሚያወጣው ክር ራሱን ይከድናል። ከሳምንታት በኋላ ከዚያ የሚወጣው ባለ ክንፍ፣ ምግብም ከቶ የማይቀምስ ፍጡር ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህርት ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ እ.ኤ.አ. በ1577 ስለ ነፍስ ውስጣዊ ግንብ በጻፈችው መጽሐፍ፣ ለራሷ ሞታ በክርስቶስ የምትኖረውን ነፍስ በዚሁ የሐር ትል መስላታለች።

በክሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር ታላቅ ነው። የትሉ አካል አብዛኛው ክፍል ይፈርሳል፤ ክንፍ፣ አዲስ እግርና አዲስ ዐይን ይሠራሉ፤ አንጎሉም እንደገና ይደራጃል። እንግዲህ ትሉ የተማረውን ባለ ክንፉ ያስታውሳልን? በዋሽንግተን በሚገኘው በካቶሊካዊው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ዳግላስ ብላኪስተን፣ ኤሌና ሲልቫ ኬሲና ማርታ ዋይስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠየቁ። የትምባሆ ቅጠል የሚበሉ ትሎችን አንድ ሽታ እያሸተቱ በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሽታውን እንዲሸሹ አስተማሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ በአምስተኛውና በመጨረሻው የትልነት ደረጃ ከተማሩት መካከል ከአራቱ ሦስት ያህሉ ክንፍ ካወጡም በኋላ ያንኑ ሽታ ሸሹ። ቀደም ብለው በሦስተኛው ደረጃ የተማሩት ግን ክንፍ ሲያወጡ ትምህርቱ አልተገኘባቸውም።

ይሁን እንጂ ከዚህ የማይገባ መደምደሚያ እንዳንወስድ እንጠንቀቅ። በሌላ ነፍሳት ማለትም በፍራፍሬ ዝንብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ ለማስታወስ የሚያገለግሉት የነርቭ ትስስሮች በለውጡ ጊዜ ስለሚፈቱ የትልነት ትዝታ ተሻግሮ ይቆያል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ መሆኑን አመልክቷል። እምነታችንም በትል ላይ የቆመ አይደለም። ምሳሌ ያስረዳል እንጂ አያረጋግጥም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በምዕራፍ 15 ሞትንና ትንሣኤን በምትዘራ ቅንጣት ይመስላል፤ የሚበቅለው ከተዘራው እጅግ የከበረ ነው፤ ነገር ግን ከዚያችው ቅንጣት የመጣ ነው። ጌታችንም ከሙታን ሲነሣ ሥጋው ከበረ፤ የችንካሩ ምልክት ግን አልጠፋም፤ ቶማስም በዚያ ምልክት አወቀው። ጳውሎስ ራሱ በጥምቀት አዲስ ሰው ሆኖ ሳለ ቤተ ክርስቲያንን ማሳደዱን አልረሳም፤ ያ ትዝታ የትሕትናው ምንጭ ሆነለት። ስለዚህ ጸጋ ኃጢአትን ይደመስሳል እንጂ ሰውዬውን አይደመስስም። ከአባቶች የተቀበልነውም ሁሉ በወንጌል ብርሃን ይመረመራል፤ ከክፋቱ ይነጻል፤ መልካሙ ግን ይጠበቃል።

ለዚህ በአገራችን የታየ ምስክር አለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ወገኖች ተገድለው፣ ብዙዎችም ተፈናቅለው ነበር። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች በቁጣ ለበቀል ወጡ። በዚያች ሰዓት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ቆሙ። በቁጣ ሌላ ሰው የሆነ የሚመስለው ወጣት፣ ሣር የያዘ ሽማግሌ እንደማይታለፍ ከልጅነቱ ያየውንና የሰማውን አልረሳም ነበር። እንዲህ ያለው ትዝታ የሰው ሕይወት ያድናል። ከወንጌል የሰላም ትእዛዝም ጋር የሚስማማ ስለሆነ፣ የሚጠመቅ የጋሞ ልጅ ይህን እንዲተው የሚጠይቀው የለም፤ በክርስቶስ እንዲያጸናው እንጂ።

ከዚህ ለመምህራን ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በሕፃንነት የተሰጠ ትምህርት ብቻውን አይበቃም። ከቍርባን በኋላ ትምህርቱን የምናቋርጥባቸው ልጆች፣ ወደ ጕልምስና በሚሻገሩበትና ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ በሚወጡበት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ትሉ የተማረው በንዝረትና በሕመም ነበር፤ እኛ ግን ሰውን በፍርሃት እንድናስተምር አልተላክንም። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ያሳዩት በትር ሳይሆን ጕልበታቸውን ማንበርከክ ነው።

በመጨረሻም በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት የልጆቻቸውን ስም እንኳ የረሱ ወላጆችን እናስብ። ማንነታችን በእኛ ማስታወስ ብቻ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ጠፍተው ነበር። ነገር ግን በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ ጌታን የለመነው እንዲያስበው ነው። እኛ ብንረሳ የማይረሳ አምላክ አለን። በእያንዳንዱ ቅዳሴ ሕያዋንንና ሙታንን በስም የምናስበውም በዚህ ታምነን ነው። ስለዚህ «ልጄ ያውቀኝ ይሆን?» ለምትለው እናት፣ ልጅሽን በስሙ የሚያውቀው ጌታ አንቺንም በስምሽ ያውቅሻል ብለን በተስፋ እንመልስላት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. ከወላጆቻችን ከተቀበልናቸው ልማዶች ወንጌል የሚያጸናቸው የትኞቹ ናቸው? የሚያነጻቸውስ?
2. በቁምስናችን ከቍርባን በኋላ ከትምህርት የራቁ ወጣቶችን እንዴት እንመልሳቸው?
3. ማስታወስ ያቃታቸውን አረጋውያን ማን ይጠይቃቸዋል? ሥጋ ወደሙስ እንዴት ይደርሳቸዋል?