የአባቴ ቮልስ

ጥያቄ፦ አባቴ የተወልኝ የ1959 ዓ.ም. ቮልስ ገሱባ ግቢያችን ውስጥ ለዓመታት ቆሟል። ቀለም ላስቀባው ነው፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ ቀለሙ ይቆይ። መጀመሪያ የኋላ መቀመጫውን አንሳ፤ ባትሪው እዚያ ሥር ነው፣ አሲዱ ወለሉን በልቶት ይሆናል። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው። ከበሳ፣ ባትላሜራው የበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይድ፤ በስቱኮ ልድፈነው ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ።

ሞተሩ ውሃ አያውቅም፤ የሚያቀዘቅዘው ንፋስና ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው። ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ሶዶ ስትሄድ ቀዩ የዲናሞ መብራት ቦግ ካለ እዚያው ቁም፤ «ጋራዥ ልድረስ» ማለት ሞተር ያስበላል። ትርፍ ቺንጋ ያዝ። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ስለተመረተ የፈታኸውን አሮጌ ዕቃም አትጣል።