የተቆለፈበት መረጃ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል

የምርምር መረጃን ለአገር ክፍት ማድረግ ለነጋዴውና ለባለሀብቱ ምን ያተርፍለታል?

አንድ ባለሀብት በምሥራቅ ጎጃም የዱቄት ፋብሪካ ለማቋቋም አስቧል እንበል። ባንኩ ብድር ከመፍቀዱ በፊት የአዋጭነት ጥናት ይጠይቀዋል። ጥናቱን የሚሠራለት አማካሪ ደግሞ የአካባቢው መሬት በሔክታር ስንት ኩንታል ስንዴ እንደሚሰጥ፣ ገበሬው ከምርቱ ምን ያህሉን ለገበያ እንደሚያወጣ፣ ዝናቡ በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያጥር ማወቅ አለበት። ባለሙያ ቀጥሮ፣ መኪና ተከራይቶ፣ መጠይቅ አባዝቶ መረጃውን ያሰባስባል። ሒሳቡን የሚከፍለው ባለሀብቱ ነው። ይሁንና ከዚህ መረጃ አብዛኛው ቀደም ሲል በመንግሥት ወይም በለጋሾች ገንዘብ ተሰብስቦ በአንድ የምርምር ማዕከል መሳቢያ ወይም በአንድ ተመራማሪ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አገሪቱ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ከፈለች ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ኪሳራ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። በመሆኑም ጉዳዩ የተመራማሪዎች የቤት ውስጥ ጣጣ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። የምርምር መረጃን በአገር ደረጃ ክፍት ለማድረግ የሚወጣ ስልት ግን ከመንገድና ከመጋዘን ባልተናነሰ ሁኔታ ገበያውን ይነካል።

ሪፖርት ሌላ፣ መረጃ ሌላ

የምርምር መረጃ ሲባል የጥናት ሪፖርት ማለት አይደለም። ሪፖርቱ የተሠራው ወጥ ነው፤ መረጃው ግን ጥሬ ዕቃው ነው። ሪፖርቱ «የስንዴ ምርታማነት ጨምሯል» ይላል። መረጃው ግን እያንዳንዱ ማሳ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደገባበት፣ መቼ እንደተዘራና ስንት እንደተገኘበት በየረድፉ ያሳያል። ከአንድ ጥሬ ዕቃ ብዙ ዓይነት ወጥ እንደሚሠራ ሁሉ፣ አንድ ተመራማሪ ለምርታማነት ጥናት የሰበሰበውን መረጃ የኢንሹራንስ ኩባንያ ለአረቦን ስሌት፣ አስመጪው ለማዳበሪያ ትንበያ፣ ትራንስፖርተሩ ለጭነት ዕቅድ ሊጠቀምበት ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ፈጽሞ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ኢኮኖሚዎች ጥናት ማዕከልና ኢፍፕሪ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከ1986 እስከ 2001 ዓ.ም. በ15 የገበሬ ማኅበራት ወደ 1500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን በተደጋጋሚ ጠይቀዋል። ጥሬ መረጃው ለሕዝብ ክፍት በመደረጉ ከሰብሳቢዎቹ ውጭ ያሉ በርካታ ተመራማሪዎች የየራሳቸውን ጥያቄ አንስተው ሠርተውበታል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር በ2004 ዓ.ም. ወደ 4000 በሚጠጉ ቤተሰቦች የጀመረው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናትም እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ አምስት ዙር ተካሂዷል። የየዙሩን ጥሬ መረጃ ተመዝግቦ ያለ ክፍያ ከኢንተርኔት ማግኘት ይቻላል።

ለደላላው ከተደረገው ጥናት

ጥናት ገበያን እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የእህል ነጋዴዎችንና ደላሎችን አነጋግረው የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 በኢፍፕሪ ታትሟል። ጥናቱ ደላላው ገዢና ሻጭን በማገናኘት የመፈለጊያ ወጪን እንደሚቀንስ በቁጥር አስረድቷል። ነጋዴው በዓይኑ ያላየውን እህል ከማያውቀው ሰው ለመግዛት የሚፈራበትንም ምክንያት አሳይቷል። አጥኚዋ ቆይተው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመውና በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የመጀመሪያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነዋል። በየእህል በረንዳው ለመጠይቅ መልስ የሰጡት ነጋዴዎች መረጃ በመጨረሻ ወደ ራሳቸው ገበያ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

የአፈር ጉዳይ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ለብዙ ዓመታት ወደ አገር የሚገባው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ግን በብዙ አካባቢዎች ሰልፈር፣ ቦሮን፣ ዚንክና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ጭምር እንደሚጎድሉ አመለከተ። በዚህም ምክንያት የሚገዛው ማዳበሪያ ዓይነት ተለወጠ፤ የማዳበሪያ መቀላቀያ ፋብሪካዎችም ተተከሉ። ከዚያ በኋላ ከተካሄዱት የማሳ ሙከራዎች አንዳንዶቹ ግን ቅይጡ በሁሉም ቦታ የታሰበውን ብልጫ እንዳልሰጠ ጠቁመዋል።

እዚህ ላይ የተያዘው ገንዘብ የዋዛ አይደለም። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የትኛው ዓይነት ለየትኛው ወረዳ እንደሚበጅ የሚነሳውን ክርክር የሚፈታው የአፈር ናሙናውና የማሳ ሙከራው መረጃ ጎን ለጎን ቀርበው በማንኛውም ባለሙያ ሲፈተሹ ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. የአፈርና የሰብል ተመራማሪዎች «የፈቃደኞች ጥምረት» የሚል ስብስብ ፈጥረው በየተቋሙ ተበታትነው የቆዩ በሺዎች የሚቆጠሩ የሙከራ ውጤቶችን ማሰባሰብ መጀመራቸው ከዚህ አንፃር የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በፈቃደኝነት የሚሠራ ሥራ ፈቃደኛው ሲለወጥ ይቆማል። ስልት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መሸጥ ወይስ በነፃ መስጠት?

«መረጃው ገንዘብ የወጣበት ከሆነ ለምን አይሸጥም?» የሚል ጥያቄ ከነጋዴ ቢነሳ የሚጠበቅ ነው። መልሱን ላንድሳት ከተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ታሪክ ማግኘት ይቻላል። ከሳተላይቶቹ የሚገኘው የመሬት ምስል አንዱ እስከ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚያ ዋጋ ብዙ በተሸጠበት ዓመት የተሸጠው 25 ሺህ ምስል ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ እንዲሰጥ ከተወሰነ በኋላ ግን በዓመት የሚወሰደው ምስል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሽያጭ ይገኝ የነበረው ጥቂት ገንዘብ ቀረ፤ በምትኩ የሰብል ትንበያ፣ የውኃ አስተዳደርና የካርታ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች ያለ ጥሬ ዕቃ ወጪ መሥራት ቻሉ።

መረጃ እንደ ጤፍ አይደለም። ጤፍን አንዱ ከበላው ለሌላው አይተርፍም፤ መረጃን ግን ሺህ ሰው ቢጠቀምበት አይጎድልም። ወጪው የሚወጣው ሲሰበሰብ ነው። ከተሰበሰበ በኋላ ለተጨማሪ አንድ ሰው ለመስጠት የሚያስፈልገው ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ከፍ ያለ ዋጋ መለጠፍ ተጠቃሚን ከማባረር በቀር ወጪውን አይመልስም።

በሌላ በኩል በነፃ መልቀቁ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የኬንያ ልምድ ያሳያል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 የመንግሥት መረጃን በኢንተርኔት በመክፈት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ነበረች። ከምረቃው በኋላ ግን ብዙዎቹ ሰንጠረዦች ሳይታደሱ ቆይተዋል። መረጃውን በየጊዜው የማደስ ግዴታ፣ በጀትና ጥቅም ያልተሰጠው መሥሪያ ቤት ሥራውን እንደ ተጨማሪ ሸክም ያየዋል። ሱቅ ተከፍቶ ዕቃ ካልገባበት ደንበኛው አንድ ቀን መጥቶ በሁለተኛው ቀን ይቀራል።

ስልቱ ምን ምን ይይዛል?

በኢትዮጵያ መሠረቱ ተጥሏል። የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ያወጣው ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ የምርምር ውጤቶች በየዩኒቨርሲቲውና በብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ያዝዛል። የመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚያገኝ ተመራማሪም የመረጃ አያያዝ ዕቅድ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ሚኒስቴሩ በ2014 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃልሏል። ከፖሊሲ ወደ ሥራ ለመሸጋገር ግን ቢያንስ ስድስት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

አንደኛ ቆጠራ ነው። ምን መረጃ የት እንዳለ ሳይታወቅ ስለ መክፈት መነጋገር ክምችቱን ሳያውቁ ጨረታ እንደመግባት ነው። ሁለተኛ መግለጫ ነው። ላኪው እንደሚያውቀው ደረጃውና የመጣበት አካባቢ ያልተጻፈበት የቡና ጆንያ ዋጋ አያወጣም። መረጃም ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን መለኪያ እንደሰበሰበው ካልተጻፈበት ፋይዳ የለውም። በአንዱ ወረዳ በጥማድ፣ በሌላው በሔክታር፤ በአንዱ በቁና፣ በሌላው በኪሎ የተመዘገበ ምርት መቀየሪያው አብሮ ካልተቀመጠ ሊደመር አይችልም።

ሦስተኛ መጋዘን ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የማይጠፋ፣ ተመራማሪው ጡረታ ሲወጣ ወይም ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ የማይዘጋ ቋሚ ማከማቻና ተጠባባቂ ቅጂ ያስፈልጋል። አራተኛ የጊዜ ገደብ ነው። በበረሃና በጭቃ ተጉዞ መረጃ የሰበሰበ ተመራማሪ ሌላው ሳይቀድመው ጥናቱን እንዲያሳትም የተወሰነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ጊዜው ሲያልቅ ግን ሊከፍተው ይገደዳል። አምስተኛ ሽልማት ነው። በዩኒቨርሲቲ ዕድገት የሚያሰጠው የታተመ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ መረጃ ለማደራጀት ወራት የሚያባክን ሰው አይኖርም። ስድስተኛ በጀት ነው። ለእያንዳንዱ ምርምር ገንዘብ ሲፈቀድ መረጃውን ለማዘጋጀትና ለማስቀመጥ የሚውለው ከመጀመሪያው ተለይቶ መያዝ አለበት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንዲሉ፣ ፕሮጀክቱ ካለቀና ባለሙያው ከተበተነ በኋላ መረጃ ላደራጅ ማለት ዋጋው እጥፍ ነው።

የማይከፈተውስ?

ክፍት ማለት ልቅ ማለት አይደለም። ነጋዴው ለአጥኚ የሰጠው የሽያጭ መጠን ነገ በግብር ሰብሳቢ ወይም በተወዳዳሪ እጅ ይገባል ብሎ ከሰጋ እውነቱን አይናገርም። እውነት ያልተነገረበት መረጃ ደግሞ ተከፈተ አልተከፈተ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ስምና ትክክለኛ አድራሻ ከመረጃው መውጣት ይኖርባቸዋል። ከላይ በተጠቀሰው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ለሕዝብ የሚለቀቀው የቦታ መረጃ ቤተሰቡን በማያሳውቅ መንገድ ሆን ተብሎ ይዛነፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም ይህን ጥንቃቄ ሕጋዊ ግዴታ አድርጎታል።

የብዝኃ ሕይወት ሀብትም የራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። በ1997 ዓ.ም. በጤፍ ላይ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው ስምምነት አገሪቱ የጠበቀችውን ጥቅም ሳያስገኝ መቅረቱና የጤፍ ዱቄት በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እንደተሰጠበት ይታወሳል። የሆላንድ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. በዚያ አገር የተመዘገበውን መብት ሽሮታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። የዘር ሀብትን ያለ ጠንካራ ውል አሳልፎ መስጠት ጉዳት አለው፤ የአገር ዕውቀት በይፋ ተመዝግቦ መገኘቱ ግን ሌላው «እኔ ፈጠርኩት» እንዳይል መከላከያ ይሆናል። አዲስ ያልሆነ ነገር በፈጠራ ሕግ አይጠበቅምና።

ማን ያተርፋል፣ ማን ይከስራል?

ሁሉም ያተርፋል ማለት ግን እውነቱን መሸፈን ነው። ሌላው የማያውቀውን በማወቅ ብቻ የሚገኝ ትርፍ መረጃ ሲከፈት ይቀንሳል። የምርት ገበያው ዋጋ በሰሌዳና በስልክ መታወቅ ሲጀምር ይህ ታይቷል። ዋጋ በመደበቅ ብቻ የሚገኘው ልዩነት ሲጠብ፣ ጥራት በመለየት፣ በማጓጓዝ፣ በማከማቸትና በብድር የሚገኘው ግን ለባለሙያው ይቀራል። ትልቁ ነጋዴ ቀድሞም የራሱን መረጃ ለመሰብሰብ አቅም ነበረው። ክፍት መረጃ ይበልጥ የሚጠቅመው የአዋጭነት ጥናት ወጪ ከበሩ የሚመልሰውን መካከለኛና ጀማሪ ባለሀብት ነው።

እስከዚያው ድረስ ነጋዴው እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። የንግድ ምክር ቤቶችና የዘርፍ ማኅበራት አባሎቻቸው ደጋግመው የሚገዙትን ጥናት ዘርዝረው ለዩኒቨርሲቲዎችና ለምርምር ማዕከላት ቢያቀርቡ፣ የትኛው መሳቢያ ቀድሞ መከፈት እንዳለበት ይታወቃል። ፈላጊው ያልታወቀ መረጃ ተሸላሚ ተመራማሪ ቢኖረውም እንኳ ለመከፈት ወረፋው ሩቅ ነው።