የአሮጌ ላንድሮቨር የፍሬን ሲሊንደር እድሳት

እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የተሠሩት የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ፍሬናቸው የሚይዘው በፈሳሽ ግፊት ነው። በየጎማው በስተውስጥ ያለው ትንሽ ሲሊንደር ሲያፈስ፣ የውስጥ ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒውን መተካት ይበቃል። ዝገት የቦረቦረው እንደሆነ ግን አዲሱን ጎሚኒ ስለሚበላው፣ ሲሊንደሩ ራሱ ይለወጥ።

እዚህ ላይ ስም ያሳስታል። «የፍሬን ዘይት» ይባል እንጂ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የተባለው ፈሳሽ የሞተር ዘይት ወገን አይደለም። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት የነካው ጎሚኒ ያብጣል፤ ፍሬኑም እምቢ ይላል። ስለዚህ ጎሚኒው የሚታጠበውም የሚለሰልሰውም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ይሁን። ፈሳሹ እርጥበት ስለሚስብ፣ እርጥበቱም ዝገት ስለሚያመጣ፣ ተከፍቶ የሰነበተውን አትጠቀሙ።

በመጨረሻም አየሩ ከመስመሩ ተንፍሶ ይውጣ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን መብራቱ መብራቱም ይረጋገጥ። ከዚህ በፊት በመኪናው ሰው አይጫን።